ከግድቡ በታች ላሉት ማን ይንገራቸው?

በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በአሌጌኒ ተራሮች መካከል፣ በ1838 የግዛቱ መንግሥት አንድ የአፈር ግድብ ማሠራት ጀመረ። (በዚህ ትረካ ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።) ግድቡ ለመስኖም ለወፍጮም አልታሰበም። በበጋ ውሃ ለሚያጥረው የጀልባ ቦይ ውሃ እንዲያጠራቅም ነበር የተፈለገው። ገንዘብ እየተቋረጠ ሥራው 15 ዓመት ፈጀ፤ በ1853 ሲያልቅ ከፍታው 22 ሜትር፣ ርዝመቱ 284 ሜትር ሆነ። ንድፉ ክፉ አልነበረም። ከግርጌው አምስት የብረት ቱቦዎች ተቀብረውለታል፤ ሐይቁን ዝቅ ማድረግ ሲያስፈልግ ውሃው በእነሱ ይለቀቃል። በጎኑ ደግሞ ከዐለት የተፈለፈለ ማስተንፈሻ አለው፤ ሐይቁ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በዚያ ይወርዳል እንጂ የግድቡን አናት አይነካም። የአፈር ግድብ ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሃ በአናቱ ከተሻገረ አፈሩን እየሸረሸረ ወርዶ ወርዶ ይገነድሰዋል።

ግን ግድቡ ተሠርቶ ሲያልቅ ዘመኑ አልፎበት ነበር። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ዘርግቶ ጨረሰና ጀልባውም ቦዩም ፈላጊ አጡ። በ1857 ኩባንያው ቦዩን ሲገዛ ግድቡ እንደ ምራቂ አብሮ መጣለት። ለባቡር ኩባንያ ግድብ ምኑ ነው? ዞር ብሎም አላየው። በ1862 ቱቦዎቹ የሚያልፉበት የድንጋይ መሹለኪያ ተደርምሶ ግድቡ በከፊል ተናደ። ያን ጊዜ ሐይቁ ብዙ ውሃ ስላልነበረው ታች ያለው ሕዝብ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በ1875 ጆን ራይሊ የተባለ የምክር ቤት አባል ቦታውን ገዛ፤ እሱም አምስቱን ቱቦዎች አስነቅሎ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጣቸው። ከዚያ ወዲህ፣ ሐይቁ ከሞላ እንዲጎድል የሚደረግበት መንገድ አልነበረም።

በ1879 ቦታው ቀድሞ የባቡር ዋሻ ተቋራጭ በነበረው በቤንጃሚን ራፍ እጅ ገባ። ራፍ ለፒትስበርግ ባለጠጎች የበጋ መዝናኛ ማዘጋጀት ፈለገ። ሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመድና የአደን ክለብ ብሎ ማኅበር አቋቋመ፤ የብረቱ ንጉሥ አንድሩ ካርኔጊ፣ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ፣ የባንክ ባለቤቱ አንድሩ ሜለን ሁሉም አባል ሆኑ። የተናደው ክፍል በድንጋይ፣ በአፈር፣ በዛፍ ቅርንጫፍ፣ በድርቆሽና በፍግ ተሞላ። ሥራውን የመራ የግድብ መሐንዲስ አልነበረም፤ የተሸጡት ቱቦዎችም አልተተኩም። ሁለት ጋሪዎች አናቱ ላይ እንዲተላለፉ ተብሎ የግድቡ ጫፍ አንድ ሜትር በማይሞላ ልክ ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። ውድ ዓሦች በማስተንፈሻው በኩል እንዳያመልጡ ደግሞ አፉ ላይ የብረት ወንፊት ተተከለ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ሲደመሩ ግን ትርፍ ውሃ የሚወጣበት በር ጠበበ፣ ውሃው የግድቡን አናት ለመሻገር የሚቀረውም ከፍታ አነሰ።

ከግድቡ 23 ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ የብረት ፋብሪካ ከተማዋ ጆንስታውን ነበረች። የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ኃላፊ ዳንኤል ሞረል ስለ ግድቡ እንቅልፍ አጣ። በ1880 ጆን ፉልተን የተባለ መሐንዲሱን ላከ። ፉልተን ሁለት ነገር አይቶ ተመለሰ፤ ማስለቀቂያ ቱቦ የለም፣ በተጠገነው በኩል ብዙ ውሃ ይሰርጋል። ሞረል ለራፍ ጻፈ። ራፍ የመሐንዲሱን ዘገባ አጣጥሎ፣ እናንተን የሚያሰጋ ነገር የለም የሚል መልስ ሰደደ። ሞረል አልተወም፤ ለጥገናው ከወጪው ላዋጣ ብሎ ለመነ። እምቢ ተባለ። በመጨረሻ፣ ቢያንስ ከውስጥ ሆኜ ልከታተል ብሎ የክለቡን አባልነት ገዛ። ሞረል በ1885፣ ራፍ በ1887 ሞቱ። ክርክሩም ከሁለቱ ጋር ተቀበረ።

ታች ያለው ሕዝብስ? በየዓመቱ ክረምቱ ሲከብድ ግድቡ ሊናድ ነው የሚል ወሬ ይነዛል፣ ግድቡም አይናድም። እንዲህ እየሆነ ሲደጋገም ሰው ወሬውን መሳቂያ አደረገው።

ግንቦት 30 ቀን 1889፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በዚያ ተራራማ አገር ዶፍ ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ አላባራም። በማግስቱ ማለዳ የክለቡ ፕሬዝዳንት ኤልያስ አንገር ተነሥቶ ሲያይ ሐይቁ እስከ ገደፉ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በቦታው የቧንቧ ሥራ ላይ የነበሩ የጣልያን የቀን ሠራተኞች ተሰበሰቡ። አንዳንዶቹ የግድቡን አናት በአፈር ከፍ ለማድረግ፣ ሌሎቹ በወዲያኛው ጫፍ ሁለተኛ ማስተንፈሻ ለመቆፈር ተራወጡ። ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተወትፏል፤ ይነሣ ቢባል ጊዜው አልፏል።

ጆን ፓርክ የተባለው ወጣት መሐንዲስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፈረሱን ጭኖ ቁልቁል ወደ ሳውዝ ፎርክ መንደር ጋለበ። ግድቡ አደጋ ላይ ነውና ለጆንስታውን አስታውቁ አለ። የቴሌግራፍ ሽቦው በየቦታው በጎርፍ ተበጥሶ ስለነበር መልእክቱ ከፊሉን መንገድ በሰው እጅ ሄደ። በዚያን ቀን ከአንድ በላይ ማስጠንቀቂያ ከተማዋ ደርሷል። ግን መልእክቱ የደረሰው ለማን ነው? ለባቡር ጣቢያ ሠራተኞችና ለቴሌግራፍ ጸሐፊዎች። ሕዝቡን የማስወጣት ሥልጣን የተሰጠው ሰው አልነበረም። ደወል የሚደውል አልተመደበም፤ ወደ የትኛው ኮረብታ እንደሚሸሽ አስቀድሞ የተነገረው ማንም አልነበረም። የሰሙትም አብዛኞቹ ያንን የየዓመቱን ወሬ አስታውሰው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ደግሞም የከተማዋ መንገዶች በወንዙ ሙላት ከጠዋት ጀምሮ ተጥለቅልቀው ስለነበር ብዙ ሰው ዕቃውን ወደ ፎቅ እያወጣ ቤቱ ውስጥ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ግድቡ ተናደ። ሃያ ሚሊዮን ቶን የሚገመት ውሃ ሸለቆውን ይዞ ወረደ። በመንገድ ላይ የባቡር ነጂው ጆን ሄስ ድምፁን ሰምቶ ምን እንደሆነ ገባው። የሎኮሞቲቩን ፊሽካ ገመድ አስሮ ሳያቋርጥ እያስጮኸ ወደኋላ ነዳ። ኢስት ኮነማው በተባለው መንደር ብዙ ሰው ያንን ጩኸት ሰምቶ ወደ ኮረብታው ሮጠ። የዚያን ዕለት የሸለቆው ሕዝብ ያገኘው ሁነኛ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱንም ማንም አላቀደውም።

ጎርፉ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ጆንስታውን ደረሰ። በመንገዱ ያለውን የሽቦ ፋብሪካ ጠራርጎ፣ እሾሃማ ሽቦውን ከግንድ፣ ከባቡር ፉርጎና ከቤት ጣሪያ ጋር ጠቅልሎ ነበር የመጣው። ከከተማዋ በታች ያለው የድንጋይ ድልድይ አልተነቃነቀም፤ ያ ሁሉ ክምር እዚያ ላይ ተቆልሎ ቆመና ማታ እሳት ያዘው። ከውሃው ተርፈው ክምሩ ውስጥ የተጠመዱ ሰዎች በእሳት አለቁ። ሟቾቹ 2,209 ሆነው ተቆጠሩ። ከእነዚህ መካከል 99 ቤተሰቦች አንድ ሰው እንኳ ሳይተርፍላቸው ጠፍተዋል። ከ750 በላይ አስከሬኖች ማንነታቸው ሳይታወቅ ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያበሳጭ ነው። የተጎዱት ክለቡን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ነገሩን የእግዚአብሔር ሥራ አድርገው አዩት፤ በፍርድ የተከፈለ ካሣ የለም። ካርኔጊ በኋላ ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አሠራላት፤ ሕንፃው ዛሬ የጎርፉ ሙዚየም ነው። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር መርማሪዎችም በ1891 ባወጡት ዘገባ፣ ክለቡ ግድቡን ባይነካካው ኖሮም ውሃው ይሻገረው ነበር ብለው ደመደሙ። ይህ ድምዳሜ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀስ ኖረ። በ2016 የታተመ የሃይድሮሎጂ ጥናት ግን ስሌቱን እንደገና ሠርቶ፣ ግድቡ በመጀመሪያው ንድፍ ቢቆይ ኖሮ ያንን ዝናብ ይችለው ነበር አለ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ ካሊፎርኒያ ይወስደናል። ዊልያም ሙልሆላንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሳይገባ በሥራ የተማረ መሐንዲስ ነው፤ ለሎስ አንጀለስ ከሩቅ ውሃ በቦይ ስቦ በ1913 ያስገባ፣ በከተማዋ እንደ ጀግና የሚታይ ሰው። በ1926 ሴንት ፍራንሲስ የተባለውን 62 ሜትር የኮንክሪት ግድብ ጨረሰ። በግንባታው ጊዜ ቁመቱ ሁለት ጊዜ በሦስት ሦስት ሜትር እንዲጨምር ተደርጓል፤ መሠረቱ ግን አልሰፋም። ያረፈበት ተራራ ጎኑ የጥንት ናዳ መሆኑንም በዘመኑ ያወቀ አልነበረም።

መጋቢት 12 ቀን 1928 ጠዋት የግድቡ ጠባቂ ቶኒ ሃርኒሽፌገር አዲስ ፍሳሽ አየ፤ ውሃው ደፍረስ ያለ መሰለው። ደፍራሽ ፍሳሽ አፈር እየተሸረሸረ ነው ማለት ስለሚሆን ወዲያው ደወለ። ሙልሆላንድ ራሱ መጥቶ መረመረ። ግድቡ ደህና ነው ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን 3 ደቂቃ ሲቀረው፣ ግድቡ ተሰባበረ። ጠባቂውና ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል ነበሩ።

እዚህ ላይ ማንም ቸልተኛ ነበር ማለት አይቻልም። ጠባቂው አይቷል፣ ደውሏል፤ የመጨረሻው ባለሥልጣን በዕለቱ መጥቶ በዓይኑ ተመልክቷል። የጎደለው ነገር ሌላ ነው። ስህተት ቢሆንስ ብሎ ታች ላለው ሰው የሚናገር አልነበረም፤ መናገርም የማንም ግዴታ አልነበረም። ውሃው ሸለቆውን ይዞ ወርዶ በኤዲሰን መብራት ኩባንያ የሠራተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ የተኙ 84 ሰዎችን ወሰደ። ሳንታ ፖላ የተባለችው ከተማ ዜናውን የሰማችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በስልክ ነው። ተረኛዋ ስልከኛ ከማዞሪያው ሳትነሣ በቆላው ላሉት ቤቶች እየደወለች ቀሰቀሰች። ሁለት የትራፊክ ፖሊሶች ደግሞ በሞተር ብስክሌት በየመንገዱ እየዞሩ፣ አንድ ቤት አንኳኩተው ጎረቤትህን አንተ ንገር እያሉ አለፉ። ጎርፉ 9 ሰዓት ላይ ሲደርስ ቆላው በአብዛኛው ባዶ ነበር። ያም ሆኖ በጠቅላላው ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። ውሃው 87 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሊነጋጋ ሲል ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ገባ።

ሙልሆላንድ ሌላ ሰው ላይ አላላከከም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ከሥራው ወረደ። የእሱ መውረድ ሳይሆን የተከተለው ሕግ ነው ትልቁ ነገር። እስከዚያ ድረስ የራሳቸው መሐንዲስ ያላቸው ከተሞች ከግዛቱ ቁጥጥር ነፃ ነበሩ። ባለቤቱ ራሱ ሠሪ፣ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ፈራጅ ነበር ማለት ነው። በ1929 ካሊፎርኒያ ይህን አስቀርታ ግድቦችን የሚቆጣጠር የግዛት መሥሪያ ቤት አቋቋመች።

ለውጡ የታየው ከ34 ዓመት በኋላ ነው፤ ደግሞም በዚያው በሎስ አንጀለስ የውሃና መብራት መሥሪያ ቤት ይዞታ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1963፣ ባልድዊን ሂልስ በተባለው ኮረብታ ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጠባቂ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ በማፋሰሻው ውስጥ ያልተለመደ የውሃ ድምፅ ሰማ። መሐንዲሶቹ መጡ፣ ውሃውን መልቀቅ ጀመሩ፤ ይህ ብቻ ግን አልነበረም፣ ለፖሊስም ነገሩ። ፖሊስ በመኪናና በሄሊኮፕተር እየዞረ ሕዝቡን አስወጣ። ግድቡ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ተቀደደ፤ 277 ቤቶች ወደሙ ወይም ተጎዱ። የሞቱት አምስት ሰዎች ናቸው። ግድቡን ማዳን አልተቻለም፤ ሰውን ማዳን ግን ለካ ሌላ ሥራ ነው፤ ከግድቡ ጋር አብሮ አይወድቅም።

ይህ ትምህርት ዌስት ቨርጂኒያ አልደረሰም። በሎጋን አውራጃ፣ በባፋሎ ክሪክ ሸለቆ አናት ላይ፣ የፒትስተን ኩባንያ ንብረት የሆነ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጥራጊውን እየከመረ ግድብ የሚመስል ነገር ሠርቶ ነበር። ንድፍ የለው፣ ማስተንፈሻ የለው፤ ጥራጊ ላይ ጥራጊ ተደፍቶ ከኋላው የከሰል እጣቢ ተጠራቀመ። በ1968 አንዲት የሸለቆው ነዋሪ ይህ ነገር ሊያጠፋን ነው ብላ ለግዛቱ አገረ ገዢ ደብዳቤ ጽፋለች። ለውጥ አልመጣም። የካቲት 1972 ዝናቡ በረታ። በ25ኛው ሌሊት የኩባንያው ሰዎች የውሃውን ከፍታ እየደጋገሙ ሲለኩ አደሩ። አደጋው አልጠፋቸውም። የሸሪፉ ምክትሎች ሕዝቡን እናስወጣ ሲሉ ግን ኩባንያው አያስፈልግም፣ ሁሉ በቁጥጥር ሥር ነው አላቸው። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጥራጊው ተደረመሰ። 125 ሰው ሞተ፤ ከ1,100 በላይ ቆሰሉ፤ ከሸለቆው 5,000 ነዋሪ 4,000ው ቤት አልባ ሆነ።

ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት የ1889ኙ ቃል በቃል ነበር፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ። በዚህ ጊዜ ግን አልሠራም። ከ600 በላይ የሚሆኑ ከሳሾች በ1974 በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። በ1972 ነሐሴም ኮንግረስ ስለ ግድቦች ምርመራ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሕግ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ውሻው በወጉ እንኳ አልጮኸም። የግድቦች ዝርዝር ተሰበሰበ፤ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ ግን አልተመደበም።

ሰኔ 5 ቀን 1976 አይዳሆ ውስጥ የደረሰው ግን ለየት ያለ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ የፌዴራል መንግሥት ነበርና። የቴቶን ግድብ አዲስ ነበር፤ 93 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድብ፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ያለ። የግድብ ሰዎች የመጀመሪያውን ሙሌት እንደ ትልቅ ፈተና ነው የሚያዩት፤ ውሃው ቀስ እያለ፣ በየደረጃው እየታየ ነው መጨመር ያለበት። ዋናው ማስለቀቂያ ገና ስላላለቀ ግን ሐይቁ ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ሲሞላ ማዘግየት አልተቻለም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ሠራተኞች ደፍራሽ ፍሳሽ አዩ። ፍሳሹ እየሰፋ ሄደ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ የግድቡ ኃላፊዎች ለታችኞቹ አውራጃዎች ሸሪፎች ደውለው ሕዝቡን አስወጡ አሉ። ሁለት ቡልዶዘሮች ጉድጓዱን ለመድፈን ሲታገሉ ቆይተው ራሳቸው ተሰለቀጡ፤ ነጂዎቹ ተጎትተው ተረፉ። የአካባቢው ሬዲዮ ሁኔታውን በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ሊሆን 3 ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ተናደ። ሹገር ሲቲና ሬክስበርግ በውሃ ተዋጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተበላሹ። በጠቅላላው 11 ሰው ሞተ። ያ ሁሉ ውሃ በእኩለ ሌሊት ቢወርድ ኖሮ ቁጥሩ ስንት በሆነ? ዕድል ረድቷል። የስልኩን ጥሪ ያህል ቀኑም ውለታ ውሏል።

የ1977ቱ ሁለት አደጋዎች በቀን አልመጡም። ሐምሌ ላይ ያችው ጆንስታውን እንደገና በጎርፍ ተመታች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የሎረል ረን ግድብ በሌሊት ተንዶ 40 ያህል ሰው ገደለ። ኅዳር 6 ቀን ደግሞ ጆርጂያ ውስጥ፣ ከቶኮዋ ፏፏቴ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ ያለ አሮጌ የአፈር ግድብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተንዶ በተኙ ተማሪዎችና ቤተሰቦች ላይ ወረደ። 39 ሰው ሞተ። ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር የዚያው ግዛት ሰው ነበሩ፤ ለአምስት ዓመት ተኝቶ የቆየው ምርመራ እንዲጀመር አዘዙ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ከ1978 እስከ 1981 ወደ 9,000 የሚጠጉ ግድቦችን አዩ፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ አስተማማኝ አይደሉም ተባሉ። ፔንሲልቬንያ በ1978 የራሷን የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች፤ በ1979 ደግሞ የፌዴራል መመሪያ ወጣ፤ የድንገተኛ አደጋ አስተዳደር ኤጀንሲው ፌማም በዚያው ዓመት ተቋቋመ።

ከዚህ ሁሉ መሐል ቀስ ብሎ የተወለደው ነገር የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የሚባለው ሰነድ ነው። ሲታይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ግድቡ ቢናድ ውሃው የትኛውን መንደር በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ አለው። ማን ለማን እንደሚደውል፣ ሰውየው ካልተገኘ ቀጥሎ ለማን እንደሚደወል የሚያሳይ የጥሪ ሰንሰለት አለው። ደረጃዎችም ተለይተዋል፤ ግድቡ ደህና ሆኖ ብዙ ውሃ ሲለቀቅ አንድ ነው፣ ያልተለመደ ነገር ሲታይ ሌላ ነው፣ ሊናድ ይችላል ሲባልና እየተናደ ነው ሲባልም እንዲሁ። (የመጀመሪያውን እኛም እናውቀዋለን፤ ክረምት ላይ ከቆቃ ግድብ ውሃ ሲለቀቅ በአዋሽ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ እንሰማለን።) የደረጃው ጥቅም፣ ጠባቂው ፍሳሽ ሲያይ ልደውል ወይስ ልቆይ እያለ ከራሱ ጋር እንዳይሟገት ነው። ሙግቱ ደመናው ሳይመጣ፣ በቀን፣ ሁሉም ረጋ ባለበት ሰዓት ተጠናቋል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ባለቤቶችን ያስቆጣል። ግድብ «ከፍተኛ አደጋ» ተብሎ ሲመደብ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ቢናድ ሰው ይሞታል ማለት ብቻ ነው። ትናንት የተመረቀ፣ ስንጥቅ የሌለው ግድብም ከሥሩ መንደር ካለ እዚያ ምድብ ውስጥ ይገባል። በተቃራኒው ደግሞ ግድቡ ሳይንቀሳቀስ ምድቡ ይለወጣል፤ ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ ሰዎች ቤት ሲሠሩ። አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ90,000 በላይ ግድቦች ከግማሽ የሚበልጡት የግል ናቸው፤ የገበሬ፣ የመስኖ ማኅበር፣ በሐይቅ ዳር ቤት የሠሩ ጎረቤታሞች። ለእነዚህ ሰዎች መሐንዲስ መቅጠርና ካርታ ማሠራት ቀላል ወጪ አይደለም። እውነት ለመናገር ዕቅዱ ፈጥኖ የሚያረጀውም በካርታው በኩል አይደለም፤ በስልክ ቁጥሮቹ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች ደውሎ መሞከር ያስፈልጋል ይላሉ።

ዕቅድ በሌለበት ምን እንደሚሆን በ1982 ሐምሌ ኮሎራዶ ላይ ታይቷል። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው፣ የገበሬዎች መስኖ ንብረት የሆነው የሎን ሌክ ግድብ ማለዳ ሲናድ መጀመሪያ ያወቀው ቆሻሻ ሊያነሣ የመጣ ሠራተኛ ነው። ግንድና ድንጋይ ሲወረወር አይቶ በመንገድ ዳር ባለው ስልክ ለፓርኩ ጠባቂዎች ነገረ። ሦስት ሰው ሞተ። ያ ሰው ባያልፍ ኖሮ ብዙ ሰው ባለቀ።

የካቲት 2017 በካሊፎርኒያ የኦሮቪል ግድብ፣ በአገሪቱ ረጅሙ፣ 235 ሜትር፣ ዋናው ማስተንፈሻው ተቦርቡሮ ተገኘ። የመጠባበቂያው ማስተንፈሻ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲያልፍበት ሥሩ ያለው ኮረብታ ይሸረሸር ጀመር። በ12ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ 188,000 ሰው ውጣ ተባለ። መንገዱ ተጨናነቀ፣ ብዙዎች ለሰዓታት መኪና ውስጥ ቆሙ። ግድቡ ግን ቆመ፤ ሰዎቹም ተመለሱ።

ሚሺጋን ያለው የኤደንቪል ግድብ ግን አልቆመም። በ1924 የተሠራ የአፈር ግድብ ነው፤ የግል ንብረት። የፌዴራሉ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማስተንፈሻው ለከባድ ጎርፍ አይበቃም፣ አስፋ ብሎ ባለቤቱን ዓመታት ሲወተውተው ኖረ። ባለቤቱ ገንዘብ የለኝም እያለ አላሰፋውም። በ2018 ኮሚሽኑ የኃይል ማመንጫ ፈቃዱን ነጠቀ፤ ቁጥጥሩ ወደ ግዛቱ ዞረ፤ ማስተንፈሻው ያው ነበር። ግንቦት 19 ቀን 2020፣ ለቀናት ከዘነበ በኋላ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ የግድቡ አንድ ክፍል ተንሸራትቶ ሄደ። ውሃው አናቱን ገና አልተሻገረም ነበር፤ መርማሪዎች በኋላ እንዳሉት፣ ውሃ የጠጣው ልል አሸዋ በድንገት እንደ ፈሳሽ ስለሆነ ነው የከዳው። ጎርፉ ከሥሩ ያለውን የሳንፎርድን ግድብ ተሻግሮ ሚድላንድ ከተማን አጥለቀለቀ።

የሞተ ሰው የለም። የአውራጃዎቹ የአደጋ ኃላፊዎች ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ሰዉን ሲቀሰቅሱ ነበር፤ በጠቅላላው 10,000 ያህል ሰው ወጣ። ያውም በኮሮና ወረርሽኝ መካከል፣ መጠለያ ውስጥ ሰው ከሰው እንዲራራቅ በሚነገርበት ሰሞን። የግድቡን ባለቤት ታሪክ ከራፍ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ያነበበ ሰው 140 ዓመት አለፈ ብሎ ለማመን ይቸገራል፤ ጠባብ ማስተንፈሻ፣ የተላከ ማስጠንቀቂያ፣ ያልወጣ ገንዘብ። የተለወጠው ከግድቡ በታች ያለው ነው።

በየአገሩ ግን አልተለወጠም። ሊቢያ ውስጥ ከደርና ከተማ በላይ በ1970ዎቹ የዩጎዝላቪያ ኩባንያ የሠራቸው ሁለት ግድቦች ነበሩ፤ አቡ መንሱርና አል-ቢላድ። ለጥገና በ2007 ውል ተፈርሞ ሥራው ከተጀመረ በኋላ በ2011ዱ ጦርነት ተቋረጠ። የመንግሥት ኦዲተሮች በ2021 እንዳገኙት ለጥገናው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢመደብም ጥገናው አልተሠራም። በ2022 አብዱልወኒስ አሹር የተባለ የሊቢያ ምሁር ሸለቆው ለከፍተኛ ጎርፍ የተጋለጠ መሆኑንና ግድቦቹ በአስቸኳይ ሊጠገኑ እንደሚገባ በጥናት ጻፈ። በመስከረም 2023 ዳንኤል የተባለው ማዕበል ሲመጣ፣ ለደርና ሰዎች አንዱ ባለሥልጣን ከባሕሩ ዳር ውጡ ይላል፣ ሌላው ከቤት እንዳትወጡ ይላል። ስለ ግድቦቹ የነገራቸው የለም። በ11ኛው ቀን ሌሊት ሁለቱም ተናዱ፤ ሰፈሮች ከነሰዎቻቸው ባሕር ገቡ፤ ሟቾቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። በሐምሌ 2024 የደርና ፍርድ ቤት 12 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣናትን ከ9 እስከ 27 ዓመት እስራት ፈረደባቸው።